የአሬሮ ግመሎችና ከአንድ የሚጀምረው ፋይሌ

ነጌሌ ቦረናን እስካለፈው ጥር ድረስ በካርታ ካልሆነ አላውቃትም ነበር። ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁም እንደኔ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ስድስት ቀን የፈጀውን መንገዴን የምጽፈው ስለ አገሩ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም፤ ስድስት ቀን አይቶ ያስተማረ ሰው አላየሁም። በእጃቸው ለበላሁት፣ ለጠጣሁት፣ ለተሳቀብኝም ምስጋናዬን ላድርስ ብዬ ነው። ደግሞም የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ሥራዬ የፕሮቲን ቅርጽ በኮምፒውተር ማየት ነው። ባለቤቴ ለዘመድ ስታስረዳ “ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጣል” ትላለች፤ አልተሳሳተችም። ፕሮቲን ማለት በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው። እያንዳንዱ ዶቃ የራሱ ፊደል አለው፤ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ክሩ ተጠቅልሎ የሚሠራው ቅርጽ ደግሞ በሌላ ፋይል። እኔ ሁለቱን ፋይሎች ሶፍትዌር ላይ አገናኝቼ፣ ይህ ፊደል በቅርጹ ላይ የት ነው ያለው የሚለውን እመልሳለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዲራሙ የማስተርስ ተማሪዬ ናት። የቦረና ልጅ ናት፣ ነጌሌ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ትሠራለች። በእነሱ አገር ግመል የሚያከሳ፣ በዝንብ በሚተላለፍ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ አለ። ድሮ የሚያድነው መድኃኒት አሁን አልሠራ ብሏል። ዲራሙ ከታመመች ግመል ደም ወስዳ፣ መድኃኒቱ ወደ ተውሳኩ ሰውነት የሚገባበትን በር፣ ማለትም አንድ ፕሮቲን፣ ፊደል በፊደል አነበበችና አንድ ፊደል ተለውጦ አገኘች። “መድኃኒቱን ያስቀረው ይሄ ነው” አለችኝ። የፊደሉን ቁጥር ይዤ ቅርጹ ላይ ፈለግኩት። ከበሩ ርቆ ጭራው ላይ ወደቀ። “ይሄ በሩን በምን ይነካዋል? ከጥናትሽ ምዕራፉን አውጪው” አልኳት።

“ዶክተር፣ ቅርጹ ላይ እዚያ ቁጥር ጋ ያለው ፊደል ካልተለወጠው ጋር እንኳ አይመሳሰልም እኮ” አለችኝ።

“ቅርጹ የተሠራው ከዘመዱ ተውሳክ ስለሆነ ነው” ብዬ ዘጋኋት።

ከዚያ ወዲያ ስልኳ አይነሳም። የትምህርት ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ትምህርት የማቋረጫ ፎርም ሰጠኝ። “ወይ በሌላ ርዕስ ትጨርስ፣ ወይ ትፈርም። ሄደህ አናግራት” አለኝ። ፎርሙን ከላፕቶፔ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ባለቤቴ “ቆላ ነው፣ አናትህን ያቃጥልሃል” ብላ ሰፊ የሣር ኮፍያ ገዝታልኛለች። አውቶቡሱ ውስጥ የማኖርበት አጥቼ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ “ስጦታ ነው?” አሉኝ። የራሴ ነው ስላቸው እስከ ሻሸመኔ ድረስ በየመሀሉ እያዩት ሳቁ።

ሐዋሳ አደርኩ። ዓሣ በላሁ፣ ሐይቁንም ከሩቅ አየሁት። ከሐይቁ ይልቅ የገረመኝ የሆቴሉ ቧንቧ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው፤ እዚያ ሲንዠቀዠቅ ሳይ ቅናት ያዘኝና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ኋላ ያ ሁለተኛው መታጠብ ምን ያህል ትዝ እንዳለኝ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ቀን

ቆላ ነው የተባልኩት አገር መንገዱ ላይ በብርድ ሊገድለኝ ነበር። ቦሬ ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ ቀርከሃው በመስኮት ዘልቆ የሚገባ እየመሰለ፣ እኔ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝና በሣር ኮፍያ ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት የጉጂ እናት ዞር ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

“ኧረ እርስዎስ?” አልኳቸው።

“እኔ አገሬ ነው” አሉ፤ ዞረውም አላዩኝ።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዝጋ፣ ክፈት እየተባባልን የምንጨቃጨቀው ትዝ አለኝና አፈርኩ። ክብረ መንግሥት ሲወርዱ ጋቢያቸውን መለስኩላቸው፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ መሬቱ ቀላ፣ ዛፉ አጠረ፣ ሙቀቱ መጣ። ዋደራን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ እየተሳደቡ እስኪቀይሩ ድረስ ግራር ሥር ቆምን፤ ያኔ ኮፍያው ሥራ አገኘ። ነጌሌ የደረስኩት አመሻሽ ላይ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ቀይ አፈር ሆኜ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ቧንቧው ለጌጥ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ቁመናዬን አይታ ሁለት ባልዲ ውሃ አስመጣችልኝ። “አንዱ ለአቧራው ነው፣ አንዱ ለአንተ” አለችኝ። ውሃው ከየት እንደመጣ ስጠይቃት በአህያ ጋሪ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሁለተኛውን ባልዲ ግማሽ አስተረፍኩላት።

ሦስተኛው ቀን

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ተስፋዬ ይባላሉ። አባታቸው ከጎጃም መምህር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ግን የነጌሌ ተወላጅ ናቸው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል።

“አካም! ናጋ! መንገዱ እንዴት አደረገህ? ዲራሙን ከሆነ የለችም። የአባቷ ግመሎች ታመውባት አሬሮ ወርዳለች።” ቦርሳዬን አዩት። “ፎርም ይዘህ ነው አይደል?”

ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ አዞርኩ።

“አውቄዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ለሰላምታ የሚመጣ የለም። ስማ፣ ልጅቷ እኮ መድኃኒቱ ይቀየር ብላ ለበላዮቻችን ጽፋ ነበር። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ግን ውድ ስለሆነ ማስረጃ ካልቀረበ አይወጣም። ‘አማካሪሽ ራሱ አይደለም ብሏል’ ብለው መለሱላት።”

ይህን አላውቅም ነበር። የእኔ “ምዕራፉን አውጪው” እስከዚህ ድረስ መሄዱን ማን ነገረኝ? ምሳ ጋብዘውኝ የፍየል ሥጋ በሩዝ ቀረበ፤ ጎኑ ላይ ሙዝ። እኛ ጋ ሙዝ ከምግብ በኋላ ነው ብላቸው “እዚህ አብሮ ነው፣ ዝም ብለህ ብላ” አሉኝ። በላሁ፤ ይጥማል። ስንነሳ “ነገ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አሬሮ መድኃኒት ያደርሳል፣ ራሴ ነኝ የምነዳው። ትሄዳለህ። ፎርሟን ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ሳታይ እንዳታወጣ” አሉ።

አራተኛው ቀን

የዳዋን ወንዝ ተሻግረን፣ ከእኔ ቤት በር የሚረዝም ኩይሳ በግራ በቀኝ እያየን ወረድን። ጋሽ ተስፋዬ በየመንገዱ እያቆሙ ሰላም ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዓቴን እያየሁ ተቆጣሁ፤ በኋላ ግን አንዱ ሰላምታ መንገዱ የተቆረጠበትን፣ ሌላው የዲራሙ ቤተሰብ የሰፈሩበትን እንደሚነግረን ሳይ አፌን ያዝኩ።

መንደሩ፣ እነሱ ኦላ የሚሉት፣ ከአሬሮ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የዲራሙ አባት ኦቦ ጃርሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እጄን ይዘው “ናጋ? ሆሪ ናጋ? እጆሌ ናጋ?” አሉኝ።

ዲራሙ ከጀርባቸው ቆማለች። “እንኳን ደህና መጡ ዶክተር” አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። “ከብቶችዎ ደህና ናቸው? ልጆችዎስ? እያለዎት ነው።”

“ልጆቼ ደህና ናቸው። ከብት ግን የለኝም በያቸው።”

ነገረቻቸው። ኦቦ ጃርሶ ቀና ብለው ትኩር አድርገው አዩኝ። “አንድም?” አሉ በአማርኛ።

“አንድም።”

“ምስኪን!” አሉና ተጣርተው የግመል ወተት በጎርፋ አስመጡልኝ፤ ጎርፋ የወተት ዕቃቸው ነው፣ በሥር የተሠራ፣ ውስጡ በጭስ የታጠነ። ስጨርስ ደገሙልኝ። ከብት ለሌለው ሰው ሌላ ምን ይደረግለታል?

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ግመሎቹ ከበረት ሲወጡ አንድ ባንድ ተከታትለው ነው። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…” ስል ዲራሙ ክንዴን ያዘችኝ።

“ዶክተር፣ ጮክ ብለው አይቁጠሩ። በሕይወት ያለ ከብት እኛ ጋ አይቆጠርም፣ ጥሩ አይደለም።”

“ታዲያ አባትሽ አንዷ ብትጠፋ በምን ያውቃሉ?”

“ከማን ኋላ ማን እንደምትሄድ ያውቃላ!”

ጮክ ማለቱን ተውኩ እንጂ መቁጠሩን አልተውኩም። እኔ ቁጥር ካልሰጠሁት ነገር አይገባኝም። ማስታወሻ ደብተሬን ደበቅ አድርጌ ጻፍኩ፦ አንደኛ ዳለቻ፣ ሁለተኛ ቀይ፣ እያልኩ እስከ አሥራ አራት። አምስተኛዋ ጋ ዲራሙ “ይቺ የዋህ ናት፣ ይዳብሷት” አለችኝና አንገቷን ዳበስኩ። የስድስተኛዋ ተራ ሲደርስ ወደ ኋላ ሳበችኝ። “ከዚህችኛዋ ይራቁ፣ ትናከሳለች።” ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ለእኔ ልዩነታቸው አይታየኝም። ቁጥራቸውን አሰመርኩበት።

እኩለ ቀን ላይ ግራር ሥር ሻይ በወተት እየጠጣን ነገሩን አነሳሁት። “ዲራሙ፣ ርዕስ ብንቀይር…”

“ዶክተር፣ አባቴ ያንን መድኃኒት ስንት ጊዜ ወግቶ ስንት ጊዜ እንደቀበረ ያውቃሉ? እኔ ርዕስ ብቀይር ግመሏ ምን ትቀይራለች?”

“ቅርጹ ያንን አይልማ!”

“እሺ” አለችና መርፌዎቿን ይዛ ተነሣች። ያቺ “እሺ” ከስድብ በላይ ነበረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግመሎቹ ተመለሱ። በረቱ በር ላይ ቆሜ በሆዴ ቆጠርኩ። አምስተኛዋ ስትደርስ፣ የኔዋ የዋህ መጣች ብዬ አንገቷን ልዳብስ እጄን ዘረጋሁ። ኮፍያዬ ከነጠርዙ አፏ ውስጥ ገባ! እኔ በአንድ በኩል ስጎትት እሷ በሌላ፣ በመጨረሻ አንድ ጭብጥ ሣር ይዤ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ተስፋዬ እንባቸውን እየጠረጉ “ለባለቤትህ ምን ልትላት ነው?” ይሉኛል። ዲራሙ እንኳ ሳቀች፤ ከመጣሁ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኦቦ ጃርሶ ብቻ አልሳቁም። የሚያዩት እኔን አይደለም፣ ሰልፉን ነው። ገና ሦስተኛዋ በሩን ስታልፍ አውቀውታል። “ከዳለቻዋ ኋላ ያለችው የለችም” አሉ።

ቀይዋ ናት፣ ሁለተኛዋ። ሁላችንም ወጣን፤ ሳይጨልም ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ አገኘናት። ጎኗ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኗ አጠገብ ዝንብ ሰፍሯል። ዲራሙ ተንበርክካ አንገቷን ይዛ “ጥናቴ ላይ ያለው ደም የእሷ ነው” አለችኝ። “ስንት ጊዜ ወጋኋት፣ ዶክተር። አልሠራም።” ኦቦ ጃርሶ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው፣ ለሰው እንደሚያወሩ በዝግታ ያወሩላታል። እኔ የምይዘው አጥቼ ባዶ እጄን ቆምኩ።

ወደ ኦላው ስንመለስ ደብተሬን ገለጥኩ። ቁጥሬ ላይ አምስተኛ የዋሃዋ፣ ስድስተኛ ተናካሿ ይላል። ሁለተኛዋ ስትቀር ሦስተኛዋን ሁለተኛ፣ አራተኛዋን ሦስተኛ እያልኩ ሄጄ ተናካሿን አምስተኛ አደረግኳት። ኦቦ ጃርሶ ግን የቀይዋን ቦታ ለማንም አልሰጡም፤ ባዶውን አዩት።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የቅርጹ ፋይል!

ልናዘዝ። ያ ፋይል መጀመሪያ ሳገኘው ቁጥሩ ከሃያ አራት ነበር የሚጀምረው። መሀሉ ላይም ጥቂት ፊደሎች የሉም፤ ዶቃዎቹ ስለሚወዛወዙ መሣሪያው ያላያቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ከአንድ የማይጀምር ነገር ያንገበግበኛል። ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጥቼ ከአንድ ጀምሮ፣ ያለ ክፍተት፣ ጥንቅቅ አድርጌ አዲስ ቁጥር ሰጠሁት። ለየዓመቱ ተማሪም ያንኑ አደልኩ። ዲራሙ “ፊደሉ አይመሳሰልም” ያለችኝ እውነቷን ነበር። የሷን ቁጥር ይዤ የሌላ ሰው ቤት ነበር ያንኳኳሁት።

ስድስተኛው ቀን

ገና ሲነጋጋ ላፕቶፔን ጀሪካን ላይ አስቀምጬ ዲራሙን ጠራኋት። ባትሪው ሩብ ቀርቶታል። ጋሽ ተስፋዬና ኦቦ ጃርሶም መጥተው ከኋላችን ቆሙ።

“ቁጥሩን እርሺው። ፊደሎቹን ከነጎረቤቶቻቸው እናሰልፋቸው” አልኳት።

እኛ ከተሜዎችም እኮ ይህን እናውቀዋለን። ታክሲ ሰልፍ ላይ “እኔ ከሴትዮዋ ኋላ ነኝ” እንላለን እንጂ ማን ቁጥር ይይዛል? የሷን ቅደም ተከተል ከላይ፣ የቅርጹን ከሥር አደረግን። ተመሳሳይ ጎረቤት ያላቸውን አንድ ላይ፣ የጎደለበት ቦታ ላይ ሰረዝ። ሰረዞቹ ሲገቡ ሁለቱ መስመሮች ከጥቂት ፊደል በቀር ገጠሙ። የዲራሙን ፊደል ቀይ ቀለም ሰጥቼ ቅርጹን አዞርኩት።

በሩ አፍ ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚያልፍበት ጠባቡ ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል።

ዲራሙ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና “ነግሬዎት ነበር” አለች።

“ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።” በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ለተማሪ ይህን ቃል አውጥቼ አላውቅም።

ኦቦ ጃርሶ ምን እንደሆነ ጠየቋት። በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ በእጇ በረቱንም ስክሪኑንም እያሳየች። ሰምተው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ፣ አልተቆጡም፣ የምር ግራ ገብቷቸው ነው። “የጠፋችዋን ቦታ ለሌላዋ ከሰጠህ፣ እሷን በምን ታገኛታለህ?” አሉኝ።

ፎርሙን አውጥቼ ለዲራሙ ሰጠኋት። “ይህን ላስፈርምሽ ነበር የመጣሁት፣ ብደብቅሽ ጥሩ አይደለም።” ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“ብዕር አለዎት?” አለች።

ክው አልኩ። ሰጠኋት። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ እንደገና የሚታዩትን ናሙናዎች ዝርዝር መጻፍ ጀመረች። ጋሽ ተስፋዬ ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሳል አስመሰሉት። ባትሪው ያኔ አለቀ፤ ለእኛ ግን በቅቶን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነጌሌ ገባን። ጋሽ ተስፋዬ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ቀድሞ የሰጠሁት አስተያየት ስህተት እንደነበረ፣ ስህተቱም የእኔ እንጂ የተማሪዋ እንዳልሆነ ጽፌ ፈረምኩ። ሌላው መድኃኒት ከነጌሌ እንዲወጣ በዚያው ቀን ደብዳቤው ሄደ። ዲራሙ አሬሮ ቀርታ ነበር፤ ቀይዋን ትታ አልመጣችም።

ቤት ከገባሁ በኋላ

ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ኮፍያውን ነው። ግመል በላችው ስላት “አንተ እኮ ውሸት እንኳ አትችልም” አለችኝ። ያንን ጥንቅቅ ያለ ፋይል ለወሰዱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ ጻፍኩ። አንዳንዱ አመሰገነኝ፣ አንዱ ክፉኛ ተቆጣኝ፤ ቢቆጣኝ ይገባዋል። ሌላው መድኃኒት አሬሮ መድረሱን ደግሞ ጋሽ ተስፋዬ በስልክ ነገሩኝ።

ዲራሙ ጥናቷን ያቀረበች ዕለት አንዱ መርማሪ “ቀደም ብሎ የቀረበው ረቂቅ ተቃራኒውን ይላል፤ ምን ተፈጥሮ ነው?” ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝ። “የቁጥር መዛባት ነበር፣ ተስተካክሏል” አለች፤ ማን እንዳዛባው ሳትናገር። መቀመጫው ቆረቆረኝ። ተነሥቼ “ያዛባሁት እኔ ነኝ። እሷ ነግራኝ ነበር” አልኩ። ዲራሙ አንገቷን ደፋች፤ ቀና ስትል ፈገግ ብላለች። ፈተናውንም አለፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጠዋት ነው፣ ግመሎቹ ከበረቱ እየወጡ ነው፣ አቧራው ይታያል፣ የኦቦ ጃርሶም ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። በሆዴ ቆጠርኩ፣ ጮክ ብዬ አይደለም። አምስተኛዋ ጋ ስደርስ የዲራሙ እጅ ተዘርግቶ አንገቷን ዳበሳት፤ እሷም ዝም ብላ ተዳበሰች። የዋሃዋ ናት። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩና ከዳለቻዋ ኋላ ያለችውን፣ ቀይዋን፣ አየሁ፤ ከስታለች፣ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። እዚያው ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።